እኩል ለእኩል

የስፖርት አዳራሹ ጎማ ጎማ ይሸታል፣
የባድሚንተን መስመር ከጠረጴዛው ሥር ይታያል፣
መረቡ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተጋድሟል።
ሻዩ በወረቀት ኩባያ እንደቀዘቀዘ አለ፣
ሃያ አምስት ሃያ አምስቱን በላስቲክ ሳስር ጣቴ ቆሰለ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ድምፅ ስቆጥር
አንድም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ወረቀት አይናገር።
እርሳስ ብቻ፣ መስቀል ብቻ፣ በካሬ ውስጥ የታሰረ፣
አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የተንጋደደ፣ አንዱ እርሳሱን የሰበረ።

ሳንድሆልም ወረዳ፣ የኔው ሰፈር፤ አንድ ወንበር፣ ሁለት ሰው፦
ኖርማን ሃክስቢ፣ የአውቶቡስ መካኒክ የነበረ፣ ሃያ አራት ዓመት የያዘው፣
የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ልጆቹ በስም የሚያውቀው፤
ሮክሳና ሚርዛ፣ የፋርማሲ ሠራተኛ፣ ሠላሳ ያልሞላት፣
ደረጃ ወጥታ ወርዳ በር ያንኳኳች፣ ውሻ ሁለቴ የነከሳት።

ሌላው ወረዳ ሁሉ አለቀ። ጭብጨባ፣ እንባ፣ ፎቶ፣
የአንዷ ባል ወንበር ላይ አንቀላፍቷል ክራቫቱን ፈቶ።
የኛ ግን፦
አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ለሷ።
አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ለሱ።
«እንደገና» ተባለ። ደግመን ቆጠርን፣ ሦስተኛም፤
ቁጥሩ እንደ ግትር በቅሎ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

አጠራጣሪዎቹ በአንድ ሣጥን ተለይተው መጡ፤
«ሁላችሁም ሌባ» ይላል አንዱ፣ ፊደሎቹ ወረቀቱን ሊወጉ የቃጡ፤
ሌላው «ቁጥር ዘጠኝ ደጃፍ ያለው ጉድጓድ ይደፈን» ይላል፤
ሦስተኛው ከሁለቱም ስም አጠገብ ልብ ሥሏል፣
ልብ ለሁለት አይከፈልም አለ ሕጉ፣ ተጣለ።
ከኖርማን ስም ጎን ደግሞ የሚስቅ ፊት አለ፤
ፈገግታው ተመዘነ፣ ጠበቃ ዘንድ ስልክ ተደወለ፣
«ሳቅም ፈቃድ ነው» ተባለ።

«እንግዲህ ዕጣ ነው» አለች ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ።
ያን የተኛ ባል ሚስቱ ቀሰቀሰችው ትከሻውን ነቅንቃ።
ሁለት ፖስታ፣ ሁለት ስም፣ የጠፉ ዕቃዎች ሣጥን፣
የሕፃን ጓንትና የዋና መነጽር ከውስጡ አራግፈን።
ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ስምንት ሰው አስቦ ያሰፈረው ምልክት
አሁን በአንዲት ሴት እጅ ነው፣ ዐይኗን ጨፍና በምትሰድበት።

«ሚርዛ።»

ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ወለሉን አየ።
ኖርማን ኮቱን ቆለፈ፤ ሊወጣ ሲል ትንሽ ቆየ፣
ከደረት ኪሱ ማስታወሻ አወጣ፣ ግሪስ የነካው፣
«የቁጥር ዘጠኝ ጉድጓድ ገጽ አርባ ላይ ነው።
አምስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስድስተኛውን አንቺ ጻፊው።»
እሷም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

እኔ በእግሬ ወደ ቤት። ዝናቡ አባርቷል። የዳቦ መኪና አለፈ፣
ቁጥር ዘጠኝ ደጃፍ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሱሪዬን በጭቃ ገረፈ።
ወጥ ቤት ገባሁ፣ መብራት ሳላበራ።
ፍሪጁ ላይ፣ በማግኔት ተይዛ፣ ያች ፖስታ፤
በፖስታ ቤት እመርጣለሁ ብዬ ያስመጣኋት፣
ነገ ስላት፣ ነገ ስላት፣ ሳትላክ ቀኗ ያለፈባት።

አንድ ድምፅ።

ቀደድኳት። እርሳስ አነሣሁ።
እናቴ በታመመች ክረምት በረዶውን ከደጃችን የጠረገ እሱ ነው፤
መድኃኒቷን በሌሊት፣ በብስክሌት ያደረሰችው እሷ።
ማንም አያየኝ፣ ማንም አይቆጥረኝ። ውጭ ነግቷል።
እርሳሱ ከወረቀቱ በላይ ቆሟል፤
ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣሁ፣ ኩባያውን አጠብኩ፣
እስካሁን አላውቅም።